ከመርጨት በፊት መቁጠር፦ ከተማ ውስጥ የገባን ግንድ ሰርሳሪ ጥንዚዛ የመቆጣጠር አሠራር

የመንገድ ዳር ዛፍ ከአናቱ መድረቅ ሲጀምር የሰፈሩ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን መድኃኒት ይረጭበት?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ተራው ግን ገና ነው። ቅጠል የሚበላ አባጨጓሬ ቢሆን የተረጨው ፈሳሽ ሰውነቱ ላይ ያርፍበት ነበር። ግንድ ሰርሳሪ ጥንዚዛ ግን ዕድሜውን ከሞላ ጎደል የሚያሳልፈው እንጨቱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሆነ ቅርፊት ላይ የፈሰሰ መርዝ አያገኘውም። በራሱ ክንፍ የሚሄደውም ርቀት አጭር ነው። ከሰፈር ሰፈር፣ ከከተማ ከተማ የሚያደርሰው እንጨት የጫነ መኪና ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ መርጫ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ስለ ቆጠራ፣ ስለ መቁረጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተቆርጦ ስለወደቀው እንጨት ብዙ እንነጋገራለን።

ለማሳያ የመረጥኩት በሳይንሳዊ ስሙ ዩዋላሲያ ፎርኒካተስ የሚባለውን ጥቃቅን ጥንዚዛ ነው። የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲሆን በዓለም ላይ ብዙ የከተማ ዛፎችን ካስቸገሩ መጤ ነፍሳት አንዱ ነው። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ2009 በአቮካዶ ዛፎች ላይ ተገኘ። በደቡብ ካሊፎርኒያ በ2003 ወጥመድ ውስጥ ቢገባም ጉዳቱ ከእሱ ጋር የተያያዘው በ2012 ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቀው ተባዝቷል ማለት ነው። በደቡብ አፍሪካ በ2017 በፒተርማሪትዝበርግ የዕፅዋት መናፈሻ፣ በአውስትራሊያ ደግሞ በ2021 በፐርዝ ከተማ ተገኘ። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ጨርሶ ለማጥፋት ሲዘምት ቆይቶ በ2025 ማጥፋት እንደማይቻል አምኖ ወደ መቆጣጠር ዞሯል። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ምርጫው ይጠባል፤ አብዛኛው ሥራም ጊዜን ቀድሞ መያዝ ነው።

ጠላትን ሳያውቁ መጋዝ ማንሳት ገንዘብ መጣል ስለሆነ አኗኗሩን በጥቂቱ እንይ። ሴቷ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብትረዝም ነው፤ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለም አላት። ወንዱ ከእሷም ያንሳል፤ አይበርም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከተወለደበት ዋሻ ሳይወጣ ይሞታል። ሴቷ እንጨቱን ትበሳዋለች እንጂ አትበላውም። አፏ አጠገብ ባለች ትንሽ ከረጢት የፉዛሪየም ፈንገስ ዘር ይዛ ትመጣና በቆፈረችው ዋሻ ግድግዳ ላይ ትዘራዋለች፤ እሷም እጮቿም የሚመገቡት ያንኑ ነው። ዛፉን የሚያደርቀው ቀዳዳው ሳይሆን የውሃ መተላለፊያውን የሚዘጋው ይህ ፈንገስ ነው። ሴቶቹ ልጆች ከወንድሞቻቸው ጋር እዚያው ውስጥ ተዳቅለው ይወጣሉ። አዲስ ሰፈር የደረሰች አንዲት ሴት ወንድ ፍለጋ አትንከራተትም፤ ብቻዋን ሙሉ መንጋ ትመሠርታለች። አንድ የተበሳ ማገዶ አንድ ከተማን ለመበከል የሚበቃው ለዚህ ነው።

1. ነፍሳቱን በእርግጠኝነት መለየት

ዛፍ ላይ ቀዳዳ ስለታየ መጤ ጥንዚዛ ገባ ማለት አይደለም። እርጅና፣ ድርቅ ወይም የሥር መጎዳት ያደከመውን ዛፍ የአካባቢው ነባር ነፍሳትም ይበሱታል፤ እነዚያ ሬሳ ላይ የመጡ ናቸው እንጂ ገዳዮች አይደሉም። ስለዚህ ቀዳዳውን ይለኩ።

የያዝነው ጥንዚዛ ቀዳዳ ፍጹም ክብ ሲሆን ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ የእስክሪብቶ ጫፍ ብረት ብቻ ይገባበታል። ቀዳዳው ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር ከሆነና አንዱ ጎኑ ቀጥ ብሎ ሌላው እንደ ግማሽ ክብ ከጎበጠ፣ ከቅርፊቱ ሥርም የተጠማዘዘ የእባብ መንገድ የመሰለ ቦይ ካለ፣ ፍራክሲነስ (በእንግሊዝኛ አሽ) በሚባሉ ዛፎች ላይ የሚታወቀውን አረንጓዴ ጥንዚዛ ይጠርጥሩ። እሱ በ2002 በአሜሪካ ዴትሮይት አካባቢ ተገኝቶ ከዚያ ወዲህ በሰሜን አሜሪካ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዛፎችን ገድሏል። እርሳስ የሚያስገባ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክብ ቀዳዳ ደግሞ የረጅም ቀንዱ የእስያ ጥንዚዛ ምልክት ነው። ሦስቱም ሕክምናቸው ለየቅል ነው። በተሳሳተ ስም የተጀመረ ዘመቻ መጨረሻው ክርክር ነው።

በቀዳዳው ዙሪያ ያለውንም ያስተውሉ። ዛፎች እንደየዓይነታቸው የሚያሳዩት ምላሽ ይለያያል፤ አንዳንዱ ጠቆር ያለ እርጥብ ነጠብጣብ፣ አንዳንዱ ሙጫ፣ አንዳንዱ ደቃቅ ሰጋቱራ ያወጣል። አቮካዶ ቀዳዳው አፍ ላይ ነጭ የስኳር ክምር ይሠራል፤ ዝናብ ግን ያጥበዋል። በቢላ ቅርፊቱን በስሱ ፍቀው ከሥሩ ያለው ለጋ እንጨት በቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ካገኙት ፈንገሱ ሥራ ጀምሯል።

ጥንዚዛውን ካገኙ አልኮል ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ያስቀምጡት። ቀዳዳውን ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱና የዕፅዋት ጥበቃ ሥራ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። ይህ ጥንዚዛ ከዘመዶቹ ጋር በመልክ ስለሚመሳሰል መጨረሻ ላይ የሚለየው በዘረመል ምርመራ ነው። የቅርንጫፍ ናሙና ከተጠየቁ በሁለት ከረጢት አጥብቀው አሽገው ያድርሱ። ክፍት እንጨት ይዞ ከቢሮ ቢሮ መዞር ተባዩን ማስጎብኘት ነው።

2. መቁጠርና ካርታ ላይ ማስፈር

ብዙ ከተሞች የሚዘሉት ይህን ደረጃ ነው፤ ምክንያቱም ፎቶ የሚነሳበት ሥራ አይደለም። ከተረጋገጠው ዛፍ ይጀምሩና በየአቅጣጫው ወደ ውጭ እየሰፉ ይሂዱ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል። ግንዱን ከመሬት ጀምሮ እስከሚያዩበት ከፍታ በአራቱም ጎን ይመልከቱ፤ ቅርንጫፍ ከግንድ የሚለይበትን ብብት አይለፉ። ዝናብ ምልክቱን ስለሚያጥብ ጥቂት ደረቅ ቀናት ካለፉ በኋላ ቢወጡ ይሻላል።

ለእያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር ይስጡት፤ የዛፉን ዓይነት፣ የግንዱን ዙሪያ፣ የተቆጠሩ ቀዳዳዎችን ብዛት፣ የደረቁ ቅርንጫፎችን መጠን፣ ባለቤቱንና ቦታውን ይመዝግቡ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቀላል ይመስላሉ። ነገር ግን የተጠቃው ዛፍ የከተማው አስተዳደር ይሁን የግለሰብ ካልታወቀ መጋዝ ይዘው በር ላይ ሲደርሱ ሥራው ይቆማል።

የት መፈለግ እንዳለብዎ ለማወቅ ጥንዚዛው የሚወዳቸውን ማወቅ ይረዳል። ያጠቃቸዋል ተብለው የተመዘገቡ ዕፅዋት ከ400 ዓይነት ይበልጣሉ፤ ሆኖም በሁሉም ላይ አይራባም። አንዳንዱ ላይ ይበሳል፣ ፈንገሱ ሳይዝለት ይቀራል፣ ዛፉም ይተርፋል። ከሚራባባቸው መካከል አቮካዶ፣ ጉሎ፣ የቆርች ወገኖች፣ አኻያ፣ ፕላታነስ፣ ኦክና አንዳንድ የሜፕል ዓይነቶች ይገኛሉ። ጉሎን በተለይ አይናቁት። ባለቤት በሌለው ባዶ ቦታ፣ በወንዝ ዳርና በአጥር ሥር ራሱ በቅሎ የሚያድግ፣ ማንም ቆሞ የማያየው ተክል ስለሆነ የተባዩ ድብቅ መራቢያ እሱ ነው። ውድ የመናፈሻ ዛፍ እያከሙ ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ጉሎ መተው ትርፉ ድካም ነው።

3. ዛፎቹን መደልደል

መዝገቡ ሲያልቅ ዛፎቹ በሦስት ይከፈላሉ። ቀዳዳቸው ከ50 የማይበልጥና ቅርንጫፋቸው መድረቅ ያልጀመረ በመጀመሪያው ክፍል ይገባሉ፤ እነዚህን መከታተል፣ የተጠቃውን ቅርንጫፍ መግረዝ፣ እንደ ዋጋቸውም ማከም ይቻላል። ከ50 እስከ 150 የሚሆኑት የግል ፍርድ የሚጠይቁ ናቸው። ከ150 በላይ ቀዳዳ ያለበትና አናቱ የደረቀ፣ ጥንዚዛው ሲራባበት የታየ ዛፍ ግን መወገድ አለበት። ቁጥሮቹ መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም፤ ትልቅ ግንድ ላይ ያለ 60 ቀዳዳና ክንድ በሚያክል ቡቃያ ላይ ያለ 60 ቀዳዳ አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንደኛው የተበሳውን ሁሉ ማጨድ ነው፤ ጥንዚዛው የማይራባበትንና በራሱ ሊያገግም የሚችለውን ዛፍ መቁረጥ ጥላ ከማሳጣት ያለፈ ጥቅም የለውም። ሁለተኛው የሚብሰው ነው፦ ዕድሜ ጠገብ ነው፣ ሰፈሩ ይወደዋል እየተባለ ሺዎች የሚፈለፈሉበትን ዛፍ ማቆየት። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ያለው ጊዜ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ብቻ ስለሆነ ስብሰባ በተራዘመ ቁጥር አንድ ትውልድ ይጨመራል። እንደኔ ከሆነ አንድ የጠፋ ዛፍን ለማቆየት ሲባል ጎረቤቶቹን አሥር መክፈል አይገባም።

4. መቁረጥ

ዋሻ የበዛበት ቅርንጫፍ ቅጠል ይዞ እንኳ በድንገት ይገነጠላል። ስለዚህ የተጠቃ ዛፍ ላይ መውጣት የሰለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ ከሥሩ ያለው መንገድም ይዘጋ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ከሆነ ኃይል ሳይቋረጥ አይጀመርም።

ቅርንጫፍ ብቻ ሲገርዙ ከመጨረሻው ቀዳዳ አልፈው ንጹሕ እንጨት እስከሚታይበት ይቁረጡ። በአንድ ቀን ብዙ ዛፍ ላይ የሚሠራ ቡድን ከንጹሑ ጀምሮ ወደ ተጠቃው ይሂድ። መጋዙና መቀሱ ከአንዱ ዛፍ ወደሌላው ሲዛወር የተጣበቀው ሰጋቱራ ተጠርጎ 70 በመቶ አልኮል ይቀባ፤ ፈንገሱ በመሣሪያ ይተላለፋል።

ጉቶው ከተቻለ ይነቀል ወይም በማሽን ይፈጭ። ካልተቻለ ከመሬት እኩል ተቆርጦ ክትትል ውስጥ ይግባ፤ እርጥበት እስካለው ድረስ ጥንዚዛው ሊኖርበት ይችላል፤ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው ቡቃያም እንዲሁ።

5. የተቆረጠው እንጨት፦ ዋናው ሥራ

ዛፉ ሲወድቅ ሠራተኛው እፎይ ይላል፤ ተባዩ ግን አሁንም ውስጥ ነው። ያልደረቀ ግንድ ውስጥ ለወራት እየተራባ መቆየት ይችላል። አደጋው ደግሞ እንጨት ዋጋ ያለው ነገር መሆኑ ነው፤ አንዱ ለማገዶ ይወስደዋል፣ ሌላው ለአጥር፣ ሌላው ለወንበር። በሦስተኛው ቀን የተቆለለበት ቦታ ባዶ ይሆናል፤ በሦስተኛው ወር የት እንደሄደ አዲሱ ቀዳዳ ይናገራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትእዛዝ፦ የተቆረጠ እንጨት ሳይታከም ከቦታው አይንቀሳቀስ። የግድ መነሳት ካለበት ሸራ በሚገባ ተሸፍኖና ታስሮ፣ ቅርብ ወደሆነ የተወሰነ ቦታ፣ በዚያው ቀን ይድረስ። ጥበቃ ያለው ማከማቻ ከሌለዎት መቁረጡን ያዘገዩ፤ የቆመ የታመመ ዛፍ ከተበተነ የታመመ እንጨት ይሻላል።

ከማከሚያ መንገዶች የመጀመሪያው መክተፍ ነው። የእንጨት መክተፊያ ማሽን ቁራጩን ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ካደረገው አብዛኛው ጥንዚዛ በዚያው ይሞታል፤ የተረፈውም እንጨቱ ቶሎ ስለሚደርቅበት መራባት አይችልም። ማሽኑ ስለቱ ደንዞ ረጃጅም ቁራጭ የሚያወጣ ከሆነ ግን ሥራው አልተሠራም፤ ከክምሩ እፍኝ አንስተው ይለኩት። ክትፉን ወዲያው ችግኝ ሥር ለማልበስ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ላስቲክ ሥር ይቆይ ወይም ውስጡ በደንብ እስኪግል ድረስ እየተገላበጠ ይብላላ።

ሁለተኛው በፀሐይ ማቃጠል ነው፤ ማሽን ለሌለው ሰው ይሄ ይመረጣል፤ የሚጠይቀውም ላስቲክና ትዕግሥት ነው። ግንዱን አጫጭር አድርገው ቆራርጠው ቢበዛ በሁለት ረድፍ ይደርድሩ፤ ከዚያ በላይ ከተቆለለ ሙቀቱ ከታች አይደርስም። ፀሐይ ሙሉ ቀን በሚያገኝ ቦታ፣ ከሥሩም ከላዩም ብርሃን በሚያሳልፍ ጠንካራ ላስቲክ ይጠቅልሉት። ጥቁር ላስቲክ ይሻላል የሚል እምነት ብዙ ቦታ አለ፤ ልክ አይደለም። ጥቁሩ ራሱ ይግላል እንጂ ሙቀቱን እንደ ብሩሁ ወደ ውስጥ አያስገባም። ጠርዙን ዙሪያውን በአፈር ይቅበሩት፤ ክፍተት ካለ ጥንዚዛው ይወጣል፣ ሙቀቱም ያመልጣል። በሞቃቱ ወቅት፣ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚሆንበት ጊዜ፣ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቆይ። ቀዝቃዛና ደመናማ ወቅት ከሆነ ስድስት ወር ይጠይቃል። ላስቲኩ በንፋስ ወይም በእንስሳት ተቀዶ እንደሆነ በየሳምንቱ ይታይ፤ ቀዳዳ ካገኙ ወዲያው ይለጥፉ።

ሦስተኛው በምድጃ ማድረቅ ነው፤ ግንዱ ጣውላ የሚወጣው ከሆነ ያዋጣል። ዓለም አቀፉ የእንጨት ማሸጊያ ደንብ የሚጠይቀው የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ደንቡ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙዎቹ ግንድ ሰርሳሪዎች ባሕር የተሻገሩት የዕቃ ማሸጊያ ጣውላ ውስጥ ሆነው ነው። መጋዘን ያለው ሰው መታከሙን የሚያሳይ ማኅተም የሌለው ያልተላጠ ማሸጊያ እንጨት ሲያይ ሊጠራጠር ይገባል።

እዚያው በእሳት ማቃጠል ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ከተሞች ግን በጭስና በእሳት አደጋ ምክንያት ይከለክላሉ። መቅበርም ጥልቀት ከሌለው አያስተማምንም።

6. ፀረ ተባይ፣ ለሚገባው ብቻ

አሁን መርጫው ተራው ደረሰ። እንጨቱ በዚህ ጥንዚዛ ለተበከለ ዛፍ ፈዋሽ የሚባል ኬሚካል የለም፤ ኬሚካል የሚረዳው ያልተጠቃን ወይም በጥቂቱ የተጠቃን ውድ ዛፍ ለመጠበቅ ነው። ቢፈንትሪን ግንድ ላይ ሲረጭ አዲስ የምትመጣውን ሴት ከመብሳቷ በፊት ያገኛታል፤ ውጤቱ ግን ስለሚደክም ይደገማል። ኢማሜክቲን ቤንዞኤት ከግንዱ ሥር በመርፌ ሲገባ በዛፉ የውሃ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፀረ ፈንገስ ጋር ተዳምሮ ሲሰጥም ጥቃቱን ይቀንሳል። ችግሩ ፈንገሱ የዘጋው መስመር መድኃኒቱንም አያሳልፍም፤ በጣም የታመመን ዛፍ መውጋት ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስም መለየት ያስፈልጋል ያልኩት እዚህ ይታያል። ይኸው ኢማሜክቲን በፍራክሲነሱ አረንጓዴ ጥንዚዛ ላይ እጅግ ይሠራል፤ በትክክል የተሰጠ አንድ መርፌ ዛፉን ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይጠብቃል፣ ቅጠሉ ከ30 በመቶ በላይ ከተመናመነ ዛፍ በስተቀር። አንዱ ጋ የሠራውን ሌላው ጋ ይሠራል ብሎ መግዛት የተለመደ ኪሳራ ነው።

ፍሬው የሚበላ ዛፍ ላይ ለዚያ ሰብል ያልተፈቀደ መድኃኒት አይወጋም፣ አይረጭም። ንብ በሚቀስምበት የአበባ ወቅትም አይሰጥም። ሥራው ፈቃድ ያለው ባለሙያ፣ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ልጆች በማይደርሱበት ሰዓት የሚያከናውነው ነው።

7. ወጥመድ

ኩዌርሲቮሮል የሚባል ሽታ የተንጠለጠለበት ወጥመድ ሴቶቹን ይስባል። የሚያገለግለው መኖራቸውን ለማወቅ እንጂ ለማጥፋት አይደለም። ጤነኛ የአቮካዶ ወይም የቆርች ዛፍ ላይ አይሰቀል፤ የጠራችውን ሁሉ ወጥመዱ አይዝምና የተረፈችው አጠገቧ ያለውን ዛፍ ትበሳለች። ለብቻው በቆመ ምሰሶ ላይ፣ በንጹሕና በተጠቃ ሰፈር መካከል ቢተከል መልካም ነው።

8. በወጣው ቦታ መትከል

አሜሪካውያን በበሽታ የጠፉባቸውን የኤልም ዛፎች በብዙ ከተማ በፍራክሲነስ ተኩ፤ ከዚያ አረንጓዴው ጥንዚዛ መጥቶ እሱንም ጨረሰው። የዛፍ ተመራማሪው ፍራንክ ሳንታሙር በ1990 ያቀረበው ልኬት እስካሁን ይጠቅማል፦ ከአንድ ዝርያ ከ10 በመቶ፣ ተቀራራቢ ዝርያዎችን ከሚይዝ አንድ ወገን ከ20 በመቶ፣ ከአንድ ቤተሰብ ከ30 በመቶ በላይ አይተከል። መንገዱን ዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት ዛፍ ማሰለፍ ለዓይን ያምራል፤ ለተባይም ድግስ ነው። ጥንዚዛው የሚራባባቸውን ዓይነቶች በተጠቃው ሰፈር ለጥቂት ዓመታት አይትከሉ። በውሃ ጥም ያልተጎዳ ዛፍ ፈተናን ስለሚቋቋም አዲሶቹን ችግኞች በበጋ ያጠጡ፤ የነባሮቹንም ሥር በአስፋልትና በግንባታ አያፍኑ።

9. መመላለስ

ዘመቻው ሲያልቅ በጀቱም አብሮ ያልቃል፤ ተባዩ ግን የሚመለሰው ያኔ ነው። በቺካጎ የረጅም ቀንዱ ጥንዚዛ የተገኘው በ1998 ነው፤ ጠፍቷል ተብሎ የታወጀው በ2008። በመካከሉ ከ1,500 በላይ ዛፎች ተቆርጠዋል፣ ፍተሻውም ንጹሕ በተባሉ ሰፈሮች ሳይቀር ቀጥሏል። ያኛው ትልቅና ዘገምተኛ ስለሆነ ለማጥፋት የተመቸ ነበር፤ የእኛው ትንሹ የበለጠ ይጠይቃል።

በመጀመሪያው ዓመት የተጠቃውን ሰፈር በሞቃቱ ወቅት በየወሩ፣ በቀዝቃዛው በየሁለትና ሦስት ወሩ ይዙሩ። ቁጥር የተሰጣቸውን ዛፎች በዚያው መዝገብ ላይ እንደገና ይቁጠሩ፤ አዲስ ቀዳዳ ከድሮው እንዲለይ የተቆጠረውን በጠመኔ ወይም በቀለም ያክብቡት። ጉቶዎቹን፣ የጉሎውን ቡቃያና እንጨት የተቆለለበትን ቦታ ይጨምሩ። የማገዶ ነጋዴዎችንና የዛፍ ቆራጮችን ስልክ ይያዙ፤ አጠራጣሪ ግንድ ከእርስዎ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ሁለት ሞቃት ወቅት አዲስ ቀዳዳ ካልታየ ዙሩን ወደ ዓመት ሁለት ጊዜ መቀነስ ይቻላል። መዝገቡ ግን አይዘጋ፤ ለሚተካዎት ሰው ከነካርታው ያስረክቡት።